ጠበል የነካው ቃሪያ

ጎባ ከተማ ሳትሆን ገና ሰፈር በነበረችበት ጊዜ፣ ከሸዋ የመጡ ወታደሮች ከተራራው ሥር ጎጆ ቀልሰው ተቀምጠው ነበር። አገር ሊያቀኑ መጡ ይባላል። አገሩ ከእነሱ በፊት ባለቤት እንደነበረው ሁሉም ያውቃል፤ ሰፈሩ ውስጥ ጮክ ብሎ የሚናገረው ግን አልነበረም። ወታደሩ ጠመንጃ ነበረው፣ መሬት ተመርቶለታል፣ ገባር ተሰጥቶታል። ያልነበረው ቃሪያ ነው።

ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በጎባ ብርድ ቃሪያ አይበቅልም። ዘሩን ከይፋት በጨርቅ ቋጥረው ያመጡት ሴቶች በየጓሯቸው ሞክረውት፣ ሁለት ቅጠል ሲያወጣ ውርጭ እየመታ ቢያጠቁርባቸው እርግፍ አድርገው ተዉት። የሲናና ሜዳ ገብስ እንደ ልብ ነው፤ ማሩም አይጠፋም። ጾም በገባ ቁጥር ግን የሰፈሩ ወሬ ሁሉ ቃሪያ ይሆናል፤ ስለ ቃሪያ ሲነሣ ደግሞ ሐኪም ያልሆነ ሰው የለም። አንዱ አፍ ይከፍታል ይላል፤ አንዱ ብርድ ከአጥንት ያወጣል፣ ሌላው ሆድ ያፍታታል፣ ጉንፋን ይጠርጋል ይላል። አንድ ሽማግሌማ ሰውነት ውስጥ የቀረ ጥይት እንኳ ገፍቶ ያወጣል ብሎ ሲምል ተሰምቷል። እሱን እንተወው።

ከዚህ ሁሉ ሰው መካከል ቃሪያ የምር ያስፈለጋት ወለተኢየሱስ ነበረች። ባሏ ገብረ መድኅን በጥቅምት መጨረሻ ከቆላ ዘመቻ በንዳድ ተይዞ በቃሬዛ ተመለሰ። ንዳዱስ ለቀቀው፤ የምግብ ፍላጎቱን ግን ይዞት ሄደ። ገንፎ ሲቀርብለት ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ሥጋ ሸተተኝ ይላል፤ ወተት ደግሞ ያቅረዋል። ያ በአንድ እጁ በቅሎ የሚያቆም ሰውዬ ክንዱ እንደ ቅልጥም አጥንት ቀጥኖ፣ ተደግፎ እንኳ መቀመጥ አቃተው። ያዩት ሁሉ ከበራፉ ወጣ ሲሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

በኅዳር መባቻ ግን ማንም ሳይጠይቀው፣ «ቃሪያ ቢኖር እበላ ነበር» አለ።

ወለተኢየሱስ ይህን ስትሰማ ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ደስ አላላትም። እንዲህ ከሆነች ሦስት ዓመቷ ነው። ወደ ባሌ ሲመጡ፣ የዋቤን ወንዝ በተሻገሩ ማግስት፣ የአራት ዓመት ልጇ ሠርከአዲስ ሞታባት እመንገድ ዳር ቀብራት አልፋለች። የዚያን ቀን አልቅሳለች። ከዚያ ወዲህ ግን ውስጧ እንደ ደነዘዘ እግር ሆነ፤ ትቆምበታለች፣ መሬቱን ግን አትሰማውም። ሥራ አንድ አላጎደለችም፤ ትፈጫለች፣ ትጋግራለች፣ በዓል ስታከብር ከሰው ጋር ትስቃለች። ጎረቤቶቿ «ጠንካራ ሴት ናት» ይሏታል። ጥንካሬ እንዳልሆነ ራሷ ታውቀዋለች፤ ግን ምን ብላ ታስረዳ?

ባሏ እንዲሞት አትፈልግም ነበር። አለመፈለጓን ያወቀችው ግን በልቧ ሳይሆን በእግሯ ነው፤ ቃሪያ የሚለውን ቃል እንደሰማች ነጠላዋን ሳታስተካክል ወደ ሙሚና ቤት ስትወርድ ራሷን አገኘችው።

ሙሚና ለገብረ መድኅን ከተሰጡት ገባሮች የአንዱ ሚስት ናት። በሳምንት ሁለት ቀን ከታች ከመንደሯ ወጥታ ገብስ ትፈጫለች፣ እንጨት ትሸከማለች። አጭር፣ ፈጣን፣ ከሚያስፈልገው በላይ አንድ ቃል የማትጨምር ሴት ነበረች። ወንድሟ በሞቃቱ አገር፣ ከሶፍ ዑመር ዋሻ በታች፣ ወይብ ወንዝ ዳር ያርሳል። እዚያ ቃሪያ እንዳለ ወለተኢየሱስ ሰምታ ነበር።

«ሂጂና አምጪልኝ» አለቻት። እባክሽ አላለችም፤ የዚያን ጊዜ ለገባር እባክሽ አይባልም።

ሙሚና ሄደች። የአራት ቀን መንገድ ወርዳ፣ የአራት ቀን መንገድ ወጥታ፣ በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ጀርባዋ ላይ አንድ ትልቅ ቅርጫት አዝላ በር ላይ ቆመች። እግሯ አብጦ ነበር።

«ነጋ ቡልቴ፣ ጊፍቲ» አለች፣ ደህና አደርሽ ስትል። ጊፍቲ ማለት እመቤት ማለት ነው፤ የወታደሮቹን ሚስቶች የሚጠሩበት ቃል ነው። ቅርጫቱን አውርዳ ከላይ ያለውን ኮባ ገለጠችው። ሁለት መቶ ቢሆን እንጂ አያንስም፤ አረንጓዴ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሁሉም ከነጭራው። «ለልጄ ሁለት ሦስት እፍኝ አስቀርቻለሁ፤ ሳል ይዟታል» አለች፣ እንደ መናዘዝ። ወለተኢየሱስ ራሷን ዝቅ ከፍ አድርጋ ፈቀደች። ሙሚና ዞር ካለች በኋላ እንደገና ተመለሰችና ጣቷን አነሣች። «ቢሻን ሂን ቱቅሲሲን። ውሃ አታስነኪ። ገለባ ውስጥ አድርጊ።»

ወለተኢየሱስ ይህን ከሙሚና መማር አያስፈልጋትም ነበር። የይፋት ልጅ ናት። እናቷ ቃሪያ ከተለቀመ በኋላ ውሃ ያስነካውን ልጅ ጆሮውን ነበር የምትመዘው። የቆሰለው አስቀድሞ ይበላል፤ ደህናው በደረቅ ጨርቅ ተጠርጎ፣ ጭራው ሳይቆረጥ፣ አንዱ ካንዱ ሳይነካካ ገለባ መሃል ይተኛል። ከምድጃ ይርቃል፤ ውርጭ ካለበትም ግድግዳ ይርቃል። የሚቀመጥበት ዕቃ አፉ አይደፈንም፤ ቃሪያው መተንፈስ አለበት። እንዲህ ከተያዘ ከወር በላይ እሸት እንደሆነ ይቆያል። በቀን አራት ቢበላለት እስከ ገና ያደርሰዋል፤ እስከ ገና ከበላ ደግሞ ይነሣል። ወለተኢየሱስ ይህን ሁሉ እዚያው ቅርጫቱ አጠገብ ቁጢጥ ብላ አሰበችው።

ግን አንድ ሌላ ነገርም አሰበች። ሠርከአዲስ ከመሞቷ በፊት የመጨረሻ የቀመሰችው ወተት ነበር። ገብረ መድኅን ዋቤ ማዶ ካለ የእስላም ቤት አምጥቶላት፣ ማንም ሳያማትብበት ጠጣችው፤ ሲነጋ ሞተች። ልጅቷ ወተቱን ከመጠጣቷ በፊት አራት ቀን ሙሉ ስትቃጠል ነበር፤ እናቷ ግን ይህን አትቆጥረውም። ያልተባረከ ነገር ልጄን ገደለብኝ ብላ በልቧ ዘግታበት ነበር። አሁን ደግሞ ይህ ቃሪያ ከእስላም ማሳ፣ በእስላም ጀርባ፣ እስላሞች በሚሳለሙት በሶፍ ዑመር ደጅ አልፎ መጣ። ይህን ሳይባረክ በባሏ አፍ ልታደርግ?

አባ ተክለማርያም ዘንድ ሄዳ ጠየቀቻቸው። አባ የሰፈሩ ንስሐ አባት ናቸው፤ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ነገር ማካበድ የማይወዱ ሰው። «ልጄ፣ አትክልት ምን በደለ?» አሏት። «እርሻ እርሻ ነው። አማትቢና አብዪው።»

«በጠበል ባጥበውስ አባ?»

«ጠበል ለሰው ነው፤ ለቃሪያ ምን ያደርግለታል? እንደወደድሽ።»

«እንደወደድሽ» የሚለውን ብቻ ይዛ ተመለሰች። ሰው የሚፈልገውን ነው የሚሰማው። ከሰፈሩ በላይ ካለችው ምንጭ በገንቦ ጠበል ቀድታ፣ ገበታ ላይ ገልብጣ፣ ሁለት መቶውን ቃሪያ አንድ በአንድ ነከረችው። የእናቷን ቃል ረስታው አልነበረም። ውሃ ቃሪያን እንደሚያበሰብስ ታውቃለች፤ ጠበል ግን በእሷ ቤት ውሃ አይደለም። ነፍስ የሚያድን ነገር እንዴት ቃሪያ ያበሰብሳል? ለዚህም ብላ ጠበሉን በጨርቅ እንኳ አልጠረገችውም፤ በረከቱ ይጠረጋል ብላ። እንደረጠበ ገንቦ ውስጥ ከታ፣ ገለባ አልብሳ፣ አፉን በጨርቅ አሰረችው።

መጀመሪያ ነገሩ ሁሉ አማረ። ከላይ ካለው አንዱን ሰንጥቃ ሽንኩርትና ጨው ሞልታ ከገብስ ቂጣ ጋር አቀረበችለት። ገብረ መድኅን ገመጠ። ዓይኑ ውሃ ሞላ፣ ግንባሩን ላብ ላብ አለው፣ ንፍጡን በእጁ ጀርባ ጠረገና ቂጣውን አገባደደው። ከሃያ ቀን ወዲህ የመጀመሪያ ቂጣው ነው። በማግስቱ ሁለት ጊዜ በላ። በሦስተኛው ቀን ተደግፎ ተቀመጠ። በአራተኛው ቀን «ጨው አነሰው» ብሎ ተቆጣት፤ በሽተኛ ሲቆጣ ዳነ ማለት ነውና የሰሙት ጎረቤቶች እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። በአምስተኛው ቀን ደጅ ወጥቶ ፀሐይ ልሙቅ አለ። ወለተኢየሱስ ይህን ሁሉ እያየች፣ ይህ ሰው ሊድን ነው አለች ለራሷ፤ ስለ ሌላ ሴት ባል የምታወራ ይመስል ነበር።

በሰባተኛው ቀን የገንቦውን ጨርቅ ስትፈታ ሽታው ፊቷን መታት።

እጇን ሰደደች። ገለባው እርጥብ ነው፤ ቃሪያው በጣቷ መሃል ሟሟ። ገንቦውን ገበታ ላይ ገለበጠችው። ጭራቸው ጠቁሯል፤ ሆዳቸው ነጭ ሻጋታ አብቅሏል፤ ከታች ያለው አተላ ሆኗል። ቁጭ ብላ አንድ በአንድ ለየች። ያለቀው አለቀ፣ ግማሹ የተረፈውን በቢላ ቆርጣ ቆርጣ፣ ደህና ብላ ያገኘችው አሥራ አንድ ብቻ ነው። የቀረውን ከጓሮ ቀበረችው። ስትቀብረው አላለቀሰችም፣ አልተራገመችም፤ አፈሩን በእግሯ ረግጣ እጇን ታጠበች። ጠበሉን ግን አልወቀሰችም። ራሷንም ገና አልወቀሰችም።

አሥራ አንዱ ከሦስት ቀን አላለፈም። በአራተኛው ቀን ቂጣውን ብቻውን ብታቀርብለት ገብረ መድኅን አየው፣ አላመጠው፣ መዋጥ አቅቶት ተፋው። በማር አሸችለት፤ አልሆነም። የተፈጨ በርበሬ ከተራረፈው ነስንሳ ሞከረች፤ ጉሮሮውን ይዞት ሳል በሳል ሆነ። በበነጋው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ያኔ ወለተኢየሱስ ሁለተኛ ወደ ሙሚና ቤት ወረደች።

የሙሚና ጎጆ ውስጥ ከብርሃኑ ጭሱ ይበዛል። ልጅቷ እሳት አጠገብ ቆዳ ላይ ተኝታ ትስላለች። ሳሏ ከእሷ የሚበልጥ ነበር። ሙሚና ከማሰሮ ቀጭን የገብስ አጥሚት ቀድታ፣ አንድ ቃሪያ ወቅጣ ጨምራ፣ ልጅቷን ቀና አድርጋ ታጠጣታለች። ልጅቷ ፊቷን እያጨማደደች ጠጣች፤ አስነጠሳት፤ ሳሉ ትንሽ ለቀቃት። ከምሰሶው ላይ አንድ ሰፊ ቅል ተንጠልጥሏል፣ አፉ ክፍት ነው።

«ቃሪያው በሰበሰ» አለች ወለተኢየሱስ።

ሙሚና ማሰሮውን አስቀመጠች። «ውሃ አስነካሽ።»

«ጠበል ነው ያስነካሁት።»

ሙሚና አልገባትም። ወለተኢየሱስ ነገረቻት። ለማንም ነግራው የማታውቀውን፣ ለአባ እንኳ በሙሉ ያልተናዘዘችውን፣ ለዚህች በሳምንት ሁለት ቀን ገብስ ለምትፈጭላት ሴት ነገረቻት፤ ዋቤን መሻገራቸውን፣ የልጇን ትኩሳት፣ ወተቱን፣ ሲነጋ የሆነውን። ስትናገር ድምፅዋ አልተለወጠም። የእህል መሥፈሪያ የምትቆጥር ይመስል ነበር።

ሙሚና እስክትጨርስ ሰማቻት። ከዚያ፣ «ወተቱን ማን ሰጣችሁ?» አለች።

«ባለቤቴ ነው ያመጣው።»

«ማን ሰጠው?»

«እኔ እንጃ። ከአንድ ቤት።»

«ያን ዓመት» አለች ሙሚና፣ «ከብቱ ሁሉ አለቀ። የእኛ ቤት ስድሳ ነበር፤ አንዲት ላም ቀረች። ከበሽታው የተረፈውን ወታደር ነዳው። ያን ዓመት ወተት ያለው ቤት ለጎረቤቱ አይሰጥም ነበር፤ ለእናቱ አይሰጥም ነበር። ለልጅ ብቻ ነው።» የልጇን ፀጉር ከግንባሯ ላይ አነሣች። «ጊፍቲ፣ ወተቱ ምንም የለበትም። ማንም ግን አልሰጣችሁም።»

ያ ወተት ሦስት ዓመት ሙሉ በወለተኢየሱስ ዓይነ ልቦና ዋንጫ ብቻ ነበር፤ እጅ አልነበረውም። አሁን የያዘው እጅ ታያት። ከእጁ ኋላ አንዲት ሴት፣ ከሴትዮዋ ኋላ ደግሞ ያልጠጣ ልጅ ታያት። ገብረ መድኅን ጠመንጃውን ትከሻው ላይ እንዳንጠለጠለ በዚያ በር ጎንበስ ብሎ ሲገባም ታያት። ማማተብና አለማማተብ ከዚህ ነገር ጋር ምን አገናኘው? ፊቷን ትኩሳት ትኩሳት አላት። እፍረት መሆኑን ለማወቅ ጊዜ ወሰደባት፤ አንድም ነገር ከተሰማት ብዙ ጊዜ ሆኗት ነበር።

አፍራ ግን አልወጣችም። ይህን መናገር አለብኝ። ባሏ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል።

«ስንት ቀርቶሻል?» አለቻት።

ሙሚና ተነሥታ ቅሉን አወረደችው። ደረቅ የገብስ እብቅ ነው፤ ቃሪያው በመሃሉ ዛሬ የተለቀመ ይመስላል። ሠላሳ አንድ ነበር። ቅሉን በሁለት እጇ ያዘችና ወደ ወለተኢየሱስ ዘረጋችው። አልለመነችም፣ አላኮረፈችም። መለመንም ማኩረፍም ምን እንደሚያመጣ የምታውቅ ሴት ናት።

ወለተኢየሱስ ግማሹን ልትወስድ ነበር። ልቧ የቆረጠው ይህን ነበር፤ አሥራ አምስት ለእሷ፣ አሥራ ስድስት ለልጅቷ። ነጠላዋን ዘርግታ መቁጠር ጀመረች። አሥራ አምስት ስትደርስ እጇ አልቆመም። ሃያ አለ፤ ሃያ አምስት አለ። ሃያ ስድስት ላይ ልጅቷ ሳለች፤ ያኔ እጇን ከቅሉ አወጣች። አምስት ቀረ። ሙሚና ቅሉን መልሳ ምሰሶው ላይ ሰቀለችው።

«ሰኞ ለመፍጨት አትምጪ። ልጅሽን ያዢ» አለች ወለተኢየሱስ።

«እሺ፣ ጊፍቲ።»

ቤቷ ስትደርስ አላጠበችውም፣ ጠበልም አልረጨችበትም። አንዱን በነጠላዋ ጫፍ ጠረግ አድርጋ ሰነጠቀችው፣ ሽንኩርትና ጨው ሞላችው፣ ቂጣ ላይ አስቀምጣ አቀረበችው። ገብረ መድኅን ሽታው ሲደርሰው ዞረ። በክንዱ ተደግፎ ተነሣና ገመጠ። አላመጠ። ዋጠው። ላቡ መጣ። ወለተኢየሱስ አጠገቡ ቆማ ጉሮሮው ወደ ላይና ወደ ታች ሲል ታያለች።

«ከየት ተገኘ?» አለ፣ አፉን እንደሞላ።

«ከሙሚና ልጅ።»

«ምን አልሽ?»

«ታማለች። ለእሷ የተቀመጠ ነው። ሠላሳ አንድ ነበር፤ አምስት ትቼላታለሁ።»

ማላመጡን አቆመ። «ስንት ዓመቷ ነው?»

«አራት ቢሆናት ነው።»

የተገመጠውን ቃሪያ ቂጣው ላይ መልሶ አስቀመጠው። ዓይኑን ሳያነሣ፣ «መልሺላት» አለ።

«አልመልስም።»

«ወለተኢየሱስ!»

«አልመልስም አልኩ እኮ!» ድምፅዋ ጎጆውን ሞላው። ራሷን አስደነገጣት። እመደቡ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። «የማን እንደሆነ አውቃለሁ። ከማን አፍ እንደነጠቅሁት አውቃለሁ፤ ዓይኗን አይቼ ነው የነጠቅሁት። ነገም ሙሚናን ቀና ብዬ ማየት አልችልም። ግን እርስዎን ቀብሬ በዚህ አገር ብቻዬን አልቀመጥም። ይብሉ!»

ደጅ ላይ ነፋሱ ከሳነቴ ተራራ ይወርዳል፤ የጎረቤት ሰው ከብት ሲያስገባ ይሰማል። ወለተኢየሱስ አልተነሣችም፤ ዓይኗን ከእጁ ላይ አላነሣችም።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ገብረ መድኅን ቃሪያውን አነሣና በላ።